«ይሄ ሐይቅ እንጂ ባሕር አይደለም!»

መቼም የደሴ ልጅ ፍቅር ሲይዘው መጀመሪያ የሚያስበው ሐይቅን ነው። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ ልጅቷን ይዞ ከች! የዓሣ ጥብስ ይበላል፣ የአምባሰል ተራራ ይታያል፣ ፎቶ ይነሳል። እስጢፋኖስ ገዳም እንዳይወስዳት ሴት አትገባም። ታዲያ ምን ቀረ? «ጀልባ እንሳፈር!»

አንድ የማውቀው ልጅ ያደረገው ይህንኑ ነው። ጀልባዋ ለአራት ሰው ነበረች፤ እነሱ ከነጓደኞቻቸው ሰባት ሆኑ። ቀዛፊው ሽማግሌ «ልጆቼ፣ ነፋሱ እየተነሳ ነው። በሁለት ዙር ብትሄዱስ?» ቢሏቸው ልጁ ሳቀ። «አባባ፣ ይሄ እኮ ሐይቅ እንጂ ባሕር አይደለም!»

መሀል ሲደርሱ ማዕበሉ ከጎን መታቸው። ውሃ ገባ። አንዱ ደንግጦ ብድግ ሲል ጀልባዋ ዘመመች። ልጅቷ ደግሞ ዋና አትችልም! ሽማግሌው «ቁጭ በሉ! ወለሉ ላይ!» ብለው ጮኹ፤ የጀልባዋን ፊት ወደ ማዕበሉ አዞሩ፤ ውሃውን በጣሳ አስቀዷቸው። እግዜር ይስጣቸው፣ ሁሉም ተረፉ። ልጅቷ ግን ደሴ እስኪገቡ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። በሳምንቱ «የሽማግሌ ምክር ያልሰማ ሰው ነገ እኔን ይሰማኛል?» ብላ ተለየችው።

እውነቱን ለመናገር ልጁ «ባሕር አይደለም» ማለቱ ልክ ነው። ችግሩ ጀልባዋም የባሕር ጀልባ አለመሆኗ ነው! በአውሮፓ ሕግ የመዝናኛ ጀልባዎች ከኤ እስከ ዲ በአራት ይመደባሉ። ኤ ከ4 ሜትር በላይ ለሆነ የውቅያኖስ ማዕበል ነው። ዲ ግን ለትንንሽ ሐይቅና ለወንዝ ሲሆን የሚችለው ማዕበል 30 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ አንድ ክንድ እንኳ የማይሞላ ነው። ስንት ሰው እንደምትጭንም ሰሌዳዋ ላይ ይጻፋል። የኛዎቹስ? ሰሌዳቸው ቀዛፊው ነው!

የባሕር ጀልባ ቢሆንስ? እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1979 ፋስትኔት በሚባለው ውድድር 303 ባለሸራ ጀልባዎች ከእንግሊዝ ወደ አየርላንድ አቅጣጫ ወጥተው ከባድ አውሎ ነፋስ ደረሰባቸው። 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ። ሰዎቹ ጥለዋቸው የወጡት ጀልባዎች 24 ነበሩ፤ ከነዚህ ውስጥ የሰመጡት ግን 5 ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ባዶአቸውን ሲንሳፈፉ ተገኙ። አያችሁ? ጀልባዋ እስካልሰመጠች ድረስ ከእሷ የሚሻል መጠጊያ የለም።

ትንሽነትም ሁልጊዜ ድክመት አይደለም። አንድ ኖርዌጂያዊ አሳሽ እ.ኤ.አ. በ1969 ከጣና በተወሰደ ደንገል በተሠራች ጀልባ ከሞሮኮ ተነስቶ አትላንቲክን ሊሻገር ሞከረ። ጅራቷን ወጥሮ የሚይዝ ገመድ ስለጎደላት ኋላዋ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ሊደርሱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ትተዋት ወጡ። በዓመቱ ስህተቱ ታርሞ የተሠራችው ሁለተኛዋ ግን በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። በአንድ ገመድ!

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ሐይቅ ስትሄዱ፦

ጠዋት ተሳፈሩ፤ መሬቱ ሲግል ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል። ጀልባዋ ስንት ሰው እንደምትችል ጠይቁ፤ «አንድ ሰው ምን ይለዋል» አይባልም። የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ልበሱት እንጂ አትቀመጡበት፤ ከሌለ ባትሳፈሩ ይሻላል። ለፎቶ ብላችሁ አትቁሙ። ከተገለበጠች እሷኑ ጨብጣችሁ እርዳታ ጠብቁ፤ ዳሩ ቅርብ ቢመስልም ያ ውሃ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው።

ከሁሉ በላይ ቀዛፊው «ዛሬ ይቅር» ካለ ይቅር! ፍቅር ከሆነ ዳር ቁጭ ብሎ ዓሣ እየበሉም ይደምቃል።