በአርሲ ደጋ የማረጫ ዘመን ሕመም፤ ሆርሞን ወይስ ቀዶ ሕክምና?

«አረጠች» የሚለው ቃል ነገሩ በአንድ ቀን የተፈጸመ ያስመስለዋል። ነገር ግን የወር አበባ ጨርሶ ከመቆሙ በፊት፣ አብዛኛውን ጊዜ በ40ዎቹ ዕድሜ የሚጀምርና ዓመታት የሚወስድ መሸጋገሪያ አለ። ብዙዎች ያለ ሐኪም ያልፉታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ሕመሙ የጸናባቸውን ነው፤ ይኸውም በአሰላ ወይም ከፍ ብሎ በሳጉሬና በቦቆጂ ለምትኖር ሴት ሆርሞን ይሻላታልን ወይስ ቀዶ ሕክምና የሚለውን ጥያቄ ነው።

ጥያቄው በዚህ መልክ ሲቀርብ ሁለት ልዩ ልዩ ሕመሞችን ያደባልቃል። አንደኛው ሙቀቱ ነው። የጭላሎ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ሌሊት ጋቢዋን ወርውራ በላብ ተጠምቃ የምትነሣ ሴት የምትቸገረው፣ የኤስትሮጅን መዋዠቅና መቀነስ ሙቀትን የሚቆጣጠረውን የአንጎል ክፍል ስለሚያውከው ነው። ሁለተኛው የሚፈሰው ደም መብዛት ነው። ኦቫሪ የሚባሉት ዕጢዎች እንቁላል ሳይለቁ የሚያልፉበት ወር ሲበዛ ፕሮጄስቴሮን ይጐድላል፤ የማኅፀን ውስጠኛ ሽፋን ያለ ልክ ይወፍርና ደሙ ለብዙ ቀን ይወርዳል። ፋይብሮይድ የሚባለው እብጠትም ካለ ይብሳል።

ማኅፀንን ማውጣት ደሙን ለዘለዓለም ያቆማል፤ ሙቀቱን ግን አያድንም። ኦቫሪዎቹ አብረው ከወጡማ፣ ተፈጥሮ በዓመታት የምታደርገውን ቢላዋ በአንድ ቀን ይፈጽመዋልና ሙቀቱ በድንገትና በኀይል ይመጣል። ይህም ከ45 ዓመት ዕድሜ በፊት ከሆነ ለአጥንት መሳሳትና ለልብ ሕመም ያጋልጣል። ስለዚህ ለሙቀት ብቻ ቀዶ ሕክምና መጠየቅ የተሳሳተ መንገድ ይመስለናል።

ስለ ደሙ ግን የአገሩን ከፍታ አለመዘንጋት ይገባል። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። በደጋ የሚኖር ሰው አየሩ ስለሚሳሳ ብዙ ሄሞግሎቢን ያስፈልገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በባሕር ወለል ደረጃ ለምትኖርና ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ያወጣው የደም ማነስ ወሰን በዴሲ ሊትር 12 ግራም ሲሆን፣ በአሰላ ከፍታ ከ1 ግራም በላይ ይጨመርበታል። እንግዲህ 12.5 የተጻፈላት ሴት በወረቀቱ ደኅና ብትመስልም ደም ያነሳት ናት። ድካሟን «ዕድሜ ነው» ብሎ መሸኘት በደል ነው።

ሆርሞንን በሚመለከት የተፈራው ብዙ ነው፤ ፍርሃቱ መነሻ ቢኖረውም ከልክ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. የወጡ ጥናቶች፣ ኤስትሮጅን ብቻውን ሲሰጥ የማኅፀን ሽፋን ካንሰርን እንደሚያበዛ አሳዩ፤ ከዚያ ወዲህ ማኅፀን ላላት ሴት ፕሮጄስቴሮን ይጨመርላታል። እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ 16,608 ሴቶች የተካፈሉበት የሁለቱ ሆርሞኖች ጥናት ተቋረጠ፤ ከ10,000 ሴቶች በዓመት 8 ያህል ተጨማሪ የጡት ካንሰር ስለታየ ነው። ሆኖም የተካፋዮቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር፤ የ48 ዓመት ሴት ጉዳይ ሌላ ነው። ደም በሥሯ ረግቶባት የሚያውቅ ወይም የጡት ካንሰር የነበረባት ሴት ግን ኤስትሮጅን መውሰድ የለባትም።

ደግሞም ሆርሞን ለገጠራችን እንግዳ አይደለም፤ በጤና ኬላ የሚሰጠው የ3 ወር መርፌ ፕሮጄስቴሮን መሰል ነው። መርፌው በመጀመሪያ ወራት ደሙን ቢያዛባም ኋላ ይቀንሰዋል። ማኅፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሆርሞን ለቃቂ ሉፕ ከዚህ የበለጠ ይቀንሳል። የመዳብ ሉፕ ግን ደም ያበዛልና ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም።

በእኛ አስተያየት፣ ደሟ የበዛ ሴት አስቀድማ ከማኅፀኗ ሽፋን ናሙና ተወስዶ ካንሰር አለመሆኑ ይረጋገጥላት፤ ብረት ትውሰድ፤ ሆርሞኑም ይሞከርላት። ይህ ሁሉ ካልረዳት፣ ወይም ለመድኀኒቱና ለክትትሉ ከቦቆጂ አሰላ መመላለስ ካልቻለች፣ ቀዶ ሕክምናው የሚናቅ አይደለም። ኋላም ሙቀቱ ቢበረታባት ማኅፀን የላትምና ኤስትሮጅን ብቻውን ይበቃታል። ኦቫሪዎቹ ይቀሩ ወይም ይውጡ የሚለው ግን ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ከመግባቷ በፊት በምትሰማው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ቢሆን፣ ተነግሯት እርሷ ራሷ የምትወስነው ነው።