አንድ ቆጣሪ፣ ብዙ ጎረቤት

በአዲስ አበባ በአንድ ግቢ ወይም በአንድ ሕንፃ እየኖሩ በአንድ የውሃ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ቢል ሲመጣ ሒሳቡ በየቤቱ እኩል ይካፈላል። ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናትና ስምንት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ተመሳሳይ ይከፍላሉ። እናቲቱ ይሉኝታ ይዟቸው ዝም ይላሉ፤ ልባቸው ግን ይቀየማል። ውሎ አድሮ ሰላምታው ይቀዘቅዛል፣ ቡናውም ይቀራል። ውድ አንባቢያን! ይህ የጥቂት ብር ጉዳይ ብቻ ነውን? የጎረቤት ሐቅ ነው እንላለን።

በቅድሚያ ሒሳቡ ለምን እንደሚከብድ እንመልከት። የከተማይቱ የውሃ ታሪፍ በደረጃ የተከፈለ ነው፤ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የሜትር ኩቡም ዋጋ ከፍ ይላል። አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ፍጆታው ተደምሮ ወደ ላይኛው ደረጃ ይወጣል። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 50 ጀሪካን ነው።

መፍትሔው ምንድን ነው? ከተቻለ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ቆጣሪ ያስገባ። ካልተቻለ በየቤቱ መስመር ላይ የውስጥ ቆጣሪ ይገጠም። ለምሳሌ ዋናው ቆጣሪ 55 ሜትር ኩብ፣ የአምስቱ ቤቶች ድምር 50፣ ቢሉም 1,000 ብር ቢሆን፣ 1,000ው ለ50 ተካፍሎ ለአንድ ሜትር ኩብ 20 ብር ይደርሳል። 4 ሜትር ኩብ የተጠቀሙት እናት 80 ብር ይከፍላሉ፤ በእኩል ክፍያ ግን 200 ብር ይደርስባቸው ነበር። የ5 ሜትር ኩቡም ልዩነት በዚሁ መንገድ እንደየአጠቃቀሙ ለሁሉም ይደርሳል።

ልዩነቱ በየወሩ እያደገ ከሄደ ግን ፍሳሽ መኖሩን መጠርጠር ይገባል። ማታ ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ፣ የሮቶውም መግቢያ ተቆልፎ ቆጣሪው ከዞረ ውሃ የሚፈስበት ቦታ አለ። 

ንባቡ በተወሰነ ቀን፣ ሁለት ሰዎች ባሉበት ይመዝገብ፤ ደረሰኙም ሁሉም በሚያየው ቦታ ይለጠፍ። ያኔ ሐሜት ቦታ አያገኝም።

ወጣቶችም ድርሻ አላችሁ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ፣ ማለትም አንድ ሊትር በማይሞላ ውሃ ዉዱእ ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ቧንቧ ከፍተን እየተጨዋወትን ዉዱእ ስናደርግ የምናፈሰው ውሃ የጎረቤትም ገንዘብ መሆኑን አንዘንጋ። አላህ የሰውን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን።