መስታወት ላይ የተለጠፈው ሦስተኛ ሰው

ከወላይታ ሶዶ መናኸሪያ ወጥቶ ወደ ቦዲቲ ሊነሳ የተዘጋጀ ሚኒባስ ፊት ቆም ብላችሁ መስታወቱን እዩት። ከጥቅሱና ከኳስ ቡድኑ አርማ መካከል ሁለት ወረቀቶች ተለጥፈዋል። አንዱ ቦሎ ነው፤ መኪናው ዓመታዊ ምርመራውን ማለፉን ይናገራል። ሌላው የሦስተኛ ወገን መድን ስቲከር ነው። ረዳቱን “ይሄ ምንድን ነው?” ብትሉት “ኢንሹራንስ ነዋ፣ ትራፊክ እንዳይቀጣን” ማለቱ አይቀርም። አይዋሽም፤ ወረቀቱ የተለጠፈው ግን ለእሱ ተብሎ አይደለም።

በመድን ቋንቋ አንደኛው ወገን ባለመኪናው ነው፣ ሁለተኛው የመድን ድርጅቱ። ሦስተኛው ውሉ ላይ ያልፈረመ፣ ስሙም ያልተጻፈ ሰው ነው። ለምሳሌ የሙዝ ዘንቢሏን ተሸክማ አስፋልቱን ልትሻገር የቆመች ሴት። ሶዶ ከሻሸመኔ፣ ከሆሳዕናና ከአርባ ምንጭ የሚመጣው መኪና ሁሉ ዳሞታ ተራራ ሥር የሚገናኝባት ከተማ ናት። ኢሱዙው፣ ባጃጁ፣ ሞተሩ፣ ጋሪውና እግረኛው አንዱን አስፋልት ይጋፉበታል። እዚህ ከተማ ሦስተኛ ወገን ያልሆነ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ይህን መድን ግዴታ ያደረገው የ2000ው አዋጅ ቁጥር 559 ነው፤ በ2005 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። በዚህኛው አዋጅ መሠረት የተጎዳው ሰው አስቸኳይ ሕክምና ያገኝ የነበረው እስከ 2,000 ብር ድረስ በነጻ ነበር። ሶዶ ባለው ኦቶና ሆስፒታል በር ላይ “መጀመሪያ ብር አምጡ” የሚል ክርክር እንዳይነሳ የታሰበ ነገር ነው። ለሞት የተቀመጠው ካሳ ከ5,000 እስከ 40,000 ብር ሲሆን ለንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 100,000 ብር ነበር። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል፤ የተጨረማመተ መኪና ከሞተ ሰው በላይ ያስከፍል ነበር። መጠኖቹ ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል፤ ስለዚህ አንድ የቆየ ሰው የነገራችሁን ቁጥር ትታችሁ አደጋው በደረሰበት ቀን ይሠራ የነበረውን ጠይቁ። ገጪው ካመለጠ ወይም መኪናው መድን ከሌለው ደግሞ ለዚሁ ሲባል የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። መድኑ የሚከፍለው የካሳው ጣሪያ ይመስላቸዋል። የመድኑ ጣሪያ ግን የመድኑ ብቻ ነው። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ጥፋት ባይኖርበትም፣ መሪው ላይ ተቀምጦ የነበረው ሌላ ሰው ቢሆንም። ከዚህ የሚያመልጠው መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ወይም ጥፋቱ የተጎጂው የራሱ እንደሆነ ሲያስረዳ ነው። ስለዚህ “ሾፌሩ የድሃ ልጅ ነው፣ ምን ይከፍለኛል?” ብሎ ተስፋ መቁረጥ ቦታው አይደለም። ጥያቄው ሊብሬው በማን ስም ነው የሚለው ነው። በውክልና ተሸጦ ስሙ ያልዞረ መኪና ከሆነ ግን ባለቤቱ ማን ነው የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ይሆናል። ሁለት ባጃጆች ሲጋጩ ደግሞ ሕጉ ሁለቱም እኩል እንዳጠፉ አድርጎ ይነሳና ጉዳቱን ለሁለት ይከፍላል፤ ይህን የሚለውጠው አንደኛው ብቻውን ወይም በዋናነት ማጥፋቱ ከተረጋገጠ ነው።

ሕጉ የማይመቸኝም ቦታ አለው። ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ በ1952 ተወስኗል። ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የልቅሶ ድንኳን ለመከራየት ይበቃል ብሎ የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም። ሰው ሲሞት በራሳቸው ስም ካሳ የሚጠይቁትም የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹና ልጆቹን የመሳሰሉ ወደ ላይና ወደ ታች የሚቆጠሩ ዘመዶች ናቸው። ወንድምና እህት የሉበትም። አዲስ አበባ እየሠራ አረካ ያሉ ታናናሾቹን የሚያስተምር ልጅ መኪና ገጭቶ ቢገድለው፣ የትምህርት ቤት ወጪያቸውን ሕጉ አያውቀውም።

ይህ ሁሉ መብት የሚቆመው ወይም የሚወድቀው ግን ፍርድ ቤት ሳይደርስ፣ መንገድ ላይ ነው። አደጋው ሲደርስ ትራፊክ ፖሊስ “ፕላን ያነሳል”። በሜትር ከአስፋልቱ ጠርዝ ይለካል፣ የፍሬኑ ጥቁር መስመር የት ጀምሮ የት እንዳበቃ፣ የተሰበረው መስታወት የት እንደተበተነ፣ ሰውየው የት እንደወደቀ በአንዲት ወረቀት ላይ ይሥላል። በኋላ ዳኛው የሚያየው አስፋልት ይህ ወረቀት ነው። እኛ ደግሞ ልባችን ቸኩሎ፣ ተጎጂውን ማንሳታችን ደግ ሆኖ ሳለ፣ መኪናውንም ገፍተን ጥግ እናስይዛለን። “መንገድ ተዘጋ” እንላለን። ያኔ የፍሬኑ መስመር አንድ ቦታ፣ ጎማው ሌላ ቦታ ይሆናል። ሰው የሚነሳው ለሕክምና ነው፤ መኪናው ግን ትራፊክ እስኪመጣ ባለበት ይቆይ። ካልተቻለ አንድ ሰው ታርጋው እንዲታይ አድርጎ በስልኩ ፎቶ ያንሳ።

ባለ ሙዝ ዘንቢሏን ሴት የገጨው ሾፌር “እኔ አሳክማታለሁ፣ ፖሊስ አትጥሩ” ሲል ነገሩ ይጠማዘዛል። ብዙ ጊዜ ከልቡ ነው፤ ደንግጧል። ግን የሐኪም ማስረጃው አደጋ መሆኑን ካልጻፈ፣ ፕላን ካልተነሳ፣ ከሦስት ወር በኋላ እግሯ አልድን ያላት ሴት የያዘችው ቃል ብቻ ነው። በኋላ የሕክምና ቦርድ የጉዳቷን መጠን በመቶኛ ሲጽፍላት ያ ቁጥር የሚያያዝበት መዝገብ ያስፈልጋታል። የደመወዝ ወረቀት የላትም ተብሎ ደግሞ ተስፋ አይቆረጥም። ጉዳቱ በልክ ሊታወቅ ካልቻለ ዳኛው በርትዕ እንዲወስን ሕጉ ይፈቅዳል፤ ከጎኗ የሚሸጡ ነጋዴዎች መስክረው የቀን ገቢዋን ማሳየት ይችላሉ።

ከዚያ ጭማ ይመጣሉ፤ በወላይትኛ ሽማግሌ ማለት ነው። እርቁ ደም አያቃባም፣ ቤተሰብንም ያድናል፤ አልቃወምም። ነገር ግን ሰው ሞቶ ከሆነ እርቅ የወንጀሉን ክስ አይዘጋውም፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል የዐቃቤ ሕግ ጉዳይ ነው፣ እርቁ ቅጣት ሊያቀልለት ቢችልም። ለካሳው ግን የሽማግሌ ወረቀት ከባድ ነው። “ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም” የሚል መስመር ካለበት የተጎጂው ፊርማ የሚያስቀረው ብዙ ነው። ስለዚህ ከመፈረም በፊት ወረቀቱን ለሚያነብ ሰው፣ ከተገኘም ለጠበቃ ወይም በዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ክፍሎች ለሚሰጥ ነጻ የሕግ ድጋፍ ማሳየት ይገባል።

ጊዜውም ይቆጠራል። ለፍትሐ ብሔር ካሳ ጥያቄ የተሰጠው ሁለት ዓመት ነው፤ ነገሩ ረዘም ያለ ይርጋ ካለው ወንጀል የመጣ ሲሆን ብቻ ይረዝማል። ሐዘንተኛ ቤተሰብ አርባውን ያወጣል፣ ሙት ዓመቱን ይጠብቃል፣ ከዚያ ሽማግሌ ይላካል፣ ሾፌሩ “ለመስቀል እመጣለሁ” ይላል። መስቀል በወላይታ ትልቅ በዓል ስለሆነ ሁሉም ያምነዋል። አይመጣም። ቤተሰቡ ፋይል ይዞ ፍርድ ቤት ሲቀርብ የባለመኪናው ጠበቃ የመጀመሪያው መቃወሚያ ስለ ፍሬኑም ስለ ታርጋውም አያወራም፤ ከቀኑ ይጀምራል።