ዘዬ ነው ወይስ ቋንቋ?

የወላይታ ሰውና የጎፋ ሰው ገበያ ላይ ቢገናኙ ያለ አስተርጓሚ ዋጋ ይከራከራሉ። የጋሞውና የዳውሮውም ሰው እንደዚያው ነው፤ ጆሮው እስኪለምድ ትንሽ ይቸገራል እንጂ ይግባባል። ታዲያ እነዚህ አራት ቋንቋዎች ናቸው ወይስ የአንድ ቋንቋ አራት ዘዬዎች? ዘዬ ማለት አንዱ ቋንቋ በየአገሩ የሚነገርበት መንገድ ነው። የጎጃምና የወሎ ሰው አማርኛው አንድ ሆኖ አነጋገሩ ይለያይ የለ? እንደዚያ ማለት ነው።

ነገሩ ለሊቃውንት ብቻ የሚተው ይመስላል። ግን ገንዘብ አለበት። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ልጆች አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ አለ። አራት ቋንቋ ከሆነ አራት ዓይነት መጽሐፍ ማሳተም፣ ለአራቱም መምህር ማሠልጠን ያስፈልጋል። አንድ ከሆነ ግን ወጪው ይቀንሳል፤ መምህሩንም ከሶዶ ወደ ሳውላ ማዛወር ይቻላል።

መንግሥት ሁለተኛውን መረጠ። ከወላይታ «ወ»፣ ከጋሞ «ጋ»፣ ከጎፋ «ጎ»፣ ከዳውሮ «ዳ» ተወስዶ «ወጋጎዳ» የሚባል ስም ወጣ። ቃላቱም ከአራቱ ተለቃቅመው መጽሐፍ ታተመ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አራቱን በየቤቱ የሚናገር ሕዝብ አለ፤ ወጋጎዳን ግን በቤቱ የሚናገር አንድም ሰው አልነበረም። ልጁ ሲያነብ አንዱ ቃል የእናቱ፣ ቀጥሎ ያለው የጎረቤት አገር ቃል ይሆንበታል። ወላይትኛ ደግሞ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ነበር። ሕዝቡ «ስሙን የት አደረሳችሁት?» ቢል አይፈረድበትም። በዚያ ላይ አራቱም ያን ጊዜ በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር ነበሩ። ወላይታ የራሴ ዞን ይኑረኝ እያለ ይጠይቅ ነበርና፣ ቋንቋው ሲደባለቅ ጥያቄውም አብሮ የሚቀበር መሰለው።

የተቃወሙ መምህራን ታሰሩ፤ ወደ ሌላ ቦታም ተዛወሩ። በኅዳር 1992 ዓ.ም. የሶዶ ተማሪና ነዋሪ አደባባይ ወጣ። ጥይት ተተኮሰ፤ ሰው ሞተ። መጽሐፉ የተሰበሰበው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለማተሚያ የወጣው ገንዘብ፣ ያው ቁጠባ ተብሎ የተጀመረው ማለቴ ነው፣ ባክኖ ቀረ። አስቀድሞ ሕዝቡን መጠየቅ እኮ ይህን ያህል አያስወጣም ነበር።

በ1993 ዓ.ም. ሰሜን ኦሞ ተከፋፍሎ ወላይታ ዞን ሆነ፤ ዳውሮም እንዲሁ። ጋሞና ጎፋ አብረው ቆይተው በኋላ ተለያዩ። ዳውሮ እንዲያውም በ2014 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ምዕራብ ክልል ገብቷል።