ሻርትሩዝ፦ መነኮሳት የሚያዘጋጁት የዕፅዋት መጠጥ መድኃኒት ነው?

ከፈረንሳይ የመጣ ዘመድ አረንጓዴ መጠጥ ያለበት ጠርሙስ ሰጥቶዎት «መነኮሳት ያዘጋጁት ነው፤ ለሆድ ፍቱን ነው» ቢልዎ፣ ከመቅመስዎ በፊት ይህን ያንብቡ። በተለይ መድኃኒት የሚወስዱ ወይም ሕመምተኛ የሚያስታምሙ ከሆነ ይጠቅምዎታል።

ሻርትሩዝ ምንድን ነው?

ሻርትሩዝ ከ130 ዓይነት ዕፅዋት የሚዘጋጅ ጣፋጭና ጠንካራ የአልኮል መጠጥ ነው። ስሙን ያገኘው በፈረንሳይ፣ በግረኖብል ከተማ አቅራቢያ ባሉ ተራሮች ላይ ከሚገኘው ግራንድ ሻርትሩዝ ገዳም ነው። ገዳሙን እ.ኤ.አ. በ1084 የመሠረተው ቅዱስ ብሩኖ ነው። የካርቱዝያን መነኮሳት ዛሬም በጸጥታና በብሕትውና ይኖሩበታል፤ የመጠጡ ሽያጭም አንዱ መተዳደሪያቸው ነው።

ለምን መድኃኒት ተባለ?

መነሻው በእርግጥ መድኃኒት ነበር። መነኮሳቱ ዕድሜ ያረዝማል የተባለ መድኃኒት አዘገጃጀት የተጻፈበትን ሰነድ እ.ኤ.አ. በ1605 ተቀበሉ፤ በ1737 ደግሞ የገዳሙ መድኃኒት ቀማሚ አሟልቶ ሠራው። በበቅሎ ተጭኖ ወደ ከተማ እየወረደ ይሸጥ ነበር። በዚያ ዘመን ከዕፅዋት የወጣውን ሳይበላሽ ለማቆየት ከሚያገለግሉት ነገሮች አንዱ አልኮል ነበር።

መራራ ዕፅዋት ምራቅ ስለሚያመነጩ ከምግብ በኋላ ሆድ የቀለለ ሊመስል ይችላል። አልኮሉ ግን ጨጓራን ያስቆጣል፤ ቃርንም ያባብሳል።

ምን ያህል አልኮል አለው?

• አረንጓዴው፦ 55 በመቶ
• ቢጫው፦ ከ40 በመቶ በላይ
• በስኳር ላይ ጠብ ተደርጎ የሚወሰደው ኤሊክሲር፦ 69 በመቶ

ሁለት የሾርባ ማንኪያ (30 ሚሊ ሊትር) አረንጓዴ ሻርትሩዝ ያለው አልኮል፣ 5 በመቶ አልኮል ባለው አንድ ጠርሙስ ቢራ (330 ሚሊ ሊትር) ውስጥ ካለው ጋር እኩል ነው።

እነማን መጠጣት የለባቸውም?

• ነፍሰ ጡሮች፦ በእርግዝና ወቅት ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን የለም።
• ሕፃናትና ልጆች፦ ለሆድ ቁርጠት ወይም ለጉንፋን ተብሎም አይስጧቸው።
• የጉበት ሕመም ያለባቸውና መጠጥ ያቆሙ ሰዎች።
• የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስዱ፦ በጉበት ላይ የሚደርሰው ጉዳት ሊጨምር ይችላል።
• ሜትሮኒዳዞል የሚወስዱ፦ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ለ3 ቀናት ይታገሱ።
• የእንቅልፍ፣ የሚጥል በሽታ ወይም ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የሚወስዱ፦ ድብታው ሊበረታ፣ አተነፋፈስም ሊዳከም ይችላል።
• የስኳር ሕመምተኞች፦ መጠጡ ስኳር አለው፤ አልኮሉ ደግሞ ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ የስኳር ክኒን በሚወስዱ ሰዎች ላይ የደም ስኳርን ከመጠን በታች ሊያወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው፤ ስካር መስለው እንዳያሳስቱዎ።

ምስጢሩ ለምን ያሳስባል?

የ130ዎቹን ዕፅዋት ሙሉ ዝርዝር የሚያውቁት ጥቂት መነኮሳት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሐኪምዎም ሆነ ፋርማሲስትዎ ከመድኃኒትዎ ጋር ይስማማ እንደሆነ ወይም አለርጂ ይቀሰቅስብዎ እንደሆነ ዝርዝሩን አይተው ሊነግሩዎ አይችሉም።

ምን ያድርጉ?

የታዘዘልዎትን መድኃኒት በሻርትሩዝ አይተኩ፤ መድኃኒት ለመዋጫነትም አይጠቀሙበት። ጠጥተው ከሆነ ሳያፍሩ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ጠርሙሱን ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ። ልጅ ከጠጣ እንዲያስታውክ አያስገድዱት፤ ጠርሙሱን ይዘው ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ተቋም ይውሰዱት።

የመነኮሳቱን ሥራ ማክበር ይቻላል፤ መጠጡን ግን እንደ ማንኛውም ጠንካራ አልኮል ይቁጠሩት።