የኋላ ወንበር ሒሳብ

ሁለት ልጆችን በአንድ ዓመት ተኩል ልዩነት የወለዱ ባልና ሚስት ስለ ልጆች የመኪና መቀመጫ ሲያስቡ ቀድመው የሚጠይቁት ዋጋውን ነው። እኔ ግን መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ ይመስለኛል፦ ታላቁ መቀመጫውን ለታናሹ መቼ ይለቅለታል? ልብሱም አልጋውም ከታላቅ ወደ ታናሽ ይወርዳል። ልጆቹ በዕድሜ ሲቀራረቡ ግን ለረጅም ጊዜ የሚያገለግለው የመኪና መቀመጫ አይወርድም፤ ታላቁ ገና አልጨረሰበትምና።

እስቲ እንቁጠረው። ለአራስ የሚሆነው መቀመጫ እጀታ ያለው፣ ሕፃኑን እንደተኛ ከመኪና አንጠልጥለው የሚያወጡት ነው፤ ብዙ ልጅ ዓመት ገደማ ሲሞላው በቁመት ያልፈዋል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ኮንቨርቲብል የሚሉት ደግሞ መጀመሪያ ልጁን ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ፣ ከፍ ሲል ወደ ፊት አድርጎ እስከ አራትና አምስት ዓመቱ ይይዘዋል። ከዚያ ልጁን ከፍ አድርጎ ለመኪናው ቀበቶ የሚያደርሰው ቡስተር ይከተላል።

ልዩነቱ 18 ወር ሲሆን የአራሱ መቀመጫ ለሁለቱም ይደርሳል፤ ቁጠባም ይመስላል። ታናሹ ዓመት ሲሞላው ግን ታላቁ ገና ሁለት ዓመት ተኩሉ ነው፤ ኮንቨርቲብሉን አይለቅም። ሁለተኛ ኮንቨርቲብል መግዛት ግድ ይሆናል፤ ድምሩ ሦስት ግዢ። ለአራስ ልክ የሚሆን ኮንቨርቲብል ከመጀመሪያው የመረጠ ቤተሰብ በሁለት ይጨርሳል። የአራሱ መቀመጫ ዋጋ የምቾት ዋጋ ነው። አራተኛ ፎቅ ድረስ የተኛ ሕፃን ይዛ የምትወጣ እናት ብትከፍለው አልፈርድባትም፤ ብር ለመቆጠብ ብላ ግን አትግዛው። ልዩነቱ አራት ዓመት ቢሆን ኖሮ አንዱ ኮንቨርቲብል ሁለቱንም ሊያሳድግ ይችል ነበር፤ አምራቹ የወሰነው የአገልግሎት ዘመን ከፈቀደ ማለት ነው፤ እሱም እንደ ዓይነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ዓመት ነው።

ዋጋው ራሱ ብዙ አይናገርም። አሜሪካ ውስጥ ከ100 ዶላር በታች የሚሸጥ ኮንቨርቲብል አለ፤ ከ400 ዶላር በላይ የሚጠየቅበትም አለ። ሁለቱም ማሟላት ያለባቸው የፌዴራል መመዘኛ አንድ ነው፤ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር የፊት ለፊት ግጭትን አስመስሎ የሚደረገውን ፍተሻ ማለፍ አለባቸው። የዋጋው ልዩነት በአብዛኛው የሚገዛው ጨርቅን፣ የአገልግሎት ዕድሜን፣ የማሰር ቅለትን ነው። ከእነዚህ የመጨረሻውን አልንቀውም። የአገሪቱ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ጥናት ከታዩት መቀመጫዎች 46 በመቶው ጥበቃቸውን በሚቀንስ ስህተት ታስረው ተገኝተዋል። አባት፣ እናትና ሞግዚት እየተፈራረቁ ሁለት ልጅ በሚያስሩበት ቤት፣ ለማሰር የሚቀለው ርካሽ መቀመጫ ከሚያስቸግረው ውድ መቀመጫ ይሻላል።

ከዋጋ ይልቅ በእጅጉ የሚያሳስበኝ ስፋት ነው። ጠባብ የሚባሉት መቀመጫዎች 43 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናሉ፤ ሰፋፊዎቹ 50 ይጠጋሉ። ለአንድ ልጅ ይህ ልዩነት ምንም አይደለም። አዲስ አበባን በሞላችው ትንሽ መኪና በቪትዝ የኋላ ወንበር ላይ ሁለት ሰፋፊዎች ከገቡ ግን መሐሉ ያልቃል፤ አያት ወይም ሞግዚት ሌላ መኪና መጥራት ሊኖርባቸው ነው። ይህ በየቅዳሜና እሑዱ የሚከፈል፣ ደረሰኙ ላይ የማይታይ ወጪ ነው። ወደ ኋላ የዞረ መቀመጫ ደግሞ የፊቱን ወንበር ወደፊት ይገፋል፤ ሾፌሩ ረጅም ከሆነ ታናሹ ከጋቢናው ተሳፋሪ ጀርባ ቢሆን ይሻላል። ከመግዛት በፊት ሜትር ይዞ የኋላ ወንበሩን መለካት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ቦታ ውድ መሆኑን ያሳየ አንድ አነጋጋሪ ጥናት አለ። ጆርዳን ኒከርሰንና ዴቪድ ሰሎሞን የተባሉ የፋይናንስ ምሁራን የአሜሪካ ግዛቶች የልጆችን መቀመጫ ግዴታ የሚያደርጉበትን ዕድሜ እያሳደጉ የሄዱበትን ሒደት ተከትለው፣ ሁለት ልጆቿ በሕጉ ዕድሜ ውስጥ ያሉ እናት ሦስተኛ የመውለድ ዕድሏ እንደሚቀንስ አገኙ። በስሌታቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ሕጎቹ 57 ልጆችን ከሞት አድነዋል፤ በዚያው ዓመት 8,000 ያህል ልጆች ሳይወለዱ ቀርተዋል። ምክንያቱ በብዙ መኪና የኋላ ወንበር ሦስት መቀመጫ አለመግባቱ ነው። ከዚህ ተነስቶ መቀመጫውን መጥላት ስህተት ነው። ያው የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በአግባቡ የታሰረ መቀመጫ ከአንድ ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሞት አደጋን በ71 በመቶ፣ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ባሉት ላይ በ54 በመቶ እንደሚቀንስ ይገምታል። እኔ ከጥናቱ የምወስደው ግዴታ ሲጣል ሸክሙ ማን ላይ እንደሚያርፍ አብሮ መታሰብ እንዳለበት ነው፤ የሚያርፈውም ትንሽ መኪናና የተቀራረቡ ልጆች ባሉት ቤተሰብ ላይ ነው።

ይህ እኛንም ይመለከታል። በከተማችን ልጅ የሚጓዘው በአብዛኛው በእናቱ እቅፍ ነው። በዚያ የ48 ኪሎ ሜትር ፍተሻ ግጭቱ የሚፈጥረው ጫና ከልጁ ክብደት 20 እጥፍ ያልፋል፤ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በዚያች ቅጽበት ከ200 ኪሎ በላይ ይሆናል ማለት ነው። የትኛውም ክንድ አይችለውም። መቀመጫው ለወላጅ እንዲቀል ግን መንግሥት ታክሱን መቀነስ ይችላል፤ ብሪታንያ የልጆች መኪና መቀመጫን ከ20 በመቶው መደበኛ የተጨማሪ እሴት ታክስ አውጥታ በ5 በመቶ ታስከፍላለች። እኛ ጋ መደበኛው ምጣኔ 15 በመቶ ነው፤ ለዚህ ዕቃ ዝቅ ቢደረግ መንግሥት የሚያጣው ገቢ ትንሽ፣ ወላጅ የሚያገኘው እፎይታ ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሎ የሚገቡት አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች የመቀመጫ ማሰሪያ ብረቱን ከነፋብሪካው ይዘው ይመጣሉ። የጎደለው መቀመጫው ነው።

ታክሱ እስኪስተካከል ድረስ ብዙዎቻችን የምናገኘው ከዳያስፖራ ዘመድ ሻንጣ ጋር የመጣ ያገለገለ መቀመጫ ነው። ሁለት ተቀራራቢ ልጆች ያሳደገ ቤት ሁለቱንም መቀመጫ በአጭር ጊዜ ልዩነት ስለሚለቅ፣ ዘመናቸው ሳያልቅ ለሌላ ሊተርፉ ይችላሉ። ከመቀበል በፊት ዘመድ መጠየቅ ነውር የለውም፤ አደጋ አይቶ ያውቃል? ከጀርባው ወይም ከሥሩ የተለጠፈው የምርት ቀንስ ምን ይላል? አንድ ተጨማሪ ነገርም አለ። የአሜሪካ መቀመጫ የተሠራው የመኪናው ቀበቶ ራሱን ይቆልፋል በሚል ታሳቢ ነው፤ ለአሜሪካ ገበያ ያልተሠሩ ብዙ መኪኖች ቀበቶ ግን እንዲህ አይቆለፍም። ስለዚህ መቀመጫው የራሱ የቀበቶ መቆለፊያ ከሌለው፣ ቀበቶውን አጥብቃ የምትይዘው ትንሿ ብረት ከመመሪያው ደብተር ጋር አብራ ትላክ ማለት ይገባል።