ከአስነጋሪ እስከ ረዳት መምህር

ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በጦር ኃይሎች፣ የቀላል ባቡሩ የምሥራቅ ምዕራብ መሥመር በሚያበቃበት አካባቢ፣ የደንብ ልብስ የለበሱ ሕፃናትን እጅ ይዘው የሚጣደፉ ወላጆች ብዙ ናቸው። በአጸደ ሕፃናቱ በር ላይ ሕፃኑን የሚቀበሉት እጆች ግን ብዙውን ጊዜ የመምህርቷ ሳይሆኑ የረዳቷ ወይም የሞግዚቷ ናቸው። ያለቀሰውን የምታባብል፣ ምሳ ዕቃ የምትከፍት፣ እርሳስ መያዝ ያቃተውን ጎንበስ ብላ የምታስይዝ እርሷ ናት። ወላጅ የመምህርቷን ስም ያውቃል፤ የረዳቷን እምብዛም አይጠይቅም። ምን ተምራ ወደ ክፍሉ እንደገባች የሚጠይቅማ ከዚያም ያነሰ ነው።

ረዳት ለአብነት ትምህርት ቤታችን እንግዳ አይደለም። በንባብ ቤት ዳዊት የደረሰ ልጅ ፊደል የሚቆጥረውን ታናሹን ያስቆጥራል፤ ቁም ንባብ የያዘው ገና በግዕዝ ንባብ ያለውን ይሰማዋል። በቅኔ ቤት ደግሞ ሥራው ስም ወጥቶለት አስነጋሪ ይባላል፤ ለጀማሪዎች የቅኔውን መንገድ ይነግራል፣ ግሱን ያስጠናል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ላንካስተር በ1798 እ.ኤ.አ. በለንደን ትምህርት ቤት ከፍቶ ታላላቆቹ ታናናሾቹን እንዲያስተምሩ ባደረገ ጊዜ አሠራሩ እንደ አዲስ ግኝት ተወርቶለት ነበር። የኔታ ቢሰሙ ምን ባሉ!

ዋናው ነገር አስነጋሪ እንዴት እንደሚገኝ ነው። መንገዱን ራሱ የሄደ፣ የት እንደሚያደናቅፍ በራሱ ያየ፣ ዛሬም ከመምህሩ ሥር ያልወጣ ደቀ መዝሙር ነው። ሲያስተምር መምህሩ በቅርብ ስላሉ ስሕተቱ ይታረማል። ረዳትነቱ ራሱ የመምህርነት ትምህርት ነው። በዘመናዊው ክፍል ግን ረዳት ብዙ ጊዜ የምትቀጠረው «ልጅ ትወዳለች» ተብላ ነው። መውደዷ መልካም ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ጥናት ከ2003 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝና በዌልስ ተካሂዷል። ፒተር ብላችፎርድና ባልደረቦቻቸው ያገኙት ውጤት ብዙዎችን አስደንግጧል፤ ከረዳት መምህራን ብዙ ድጋፍ ያገኙ ተማሪዎች፣ ተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ሆነው ትንሽ ድጋፍ ካገኙት ያነሰ መሻሻል አሳይተዋል። ጥፋቱ የረዳቶቹ አልነበረም። ከመምህሩ ጋር ለመመካከር ጊዜ አልተሰጣቸውም፤ የሚደክመውን ልጅ ለብቻቸው ስለያዙት ልጁ ከመምህሩ ራቀ፤ እነርሱም ሥራው እንዲያልቅ ሲሉ መልሱን ይነግሩት ነበር። ስለዚህ የረዳት ሥልጠና ከሁሉ አስቀድሞ መታገሥን ማስተማር አለበት። ጥያቄ ጠይቆ ዝም ማለት፣ ልጁ እስኪያስብ መጠበቅ፣ ከተቸገረ ትንሽ ፍንጭ መስጠት፣ መልሱን ግን ለእርሱ መተው። ይህ በወሬ ቀላል ነው፤ ሠላሳ ሕፃናት በሚጮኹበት ክፍል ውስጥ ግን በልምምድ ካልሆነ አይገኝም።

ጉዳቱ ይበልጥ የሚከፋው ልዩ ድጋፍ በሚሻው ልጅ ላይ ነው። ሀገራችን የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ያወጣችው በ1998 ዓ.ም. ሲሆን በ2004 ዓ.ም. ተሻሽሏል፤ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነትም በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ሆኖም «ይህን ልጅ የሚይዝልን የለም» የሚለው መልስ ዛሬም በትምህርት ቤት በር ላይ ይሰማል። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች አልይዝ ስላሏቸው ነበር። አቡጊዳ ፎኔቲክስ የተሰኘ የንባብ ማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጅተዋል፤ ስሙ ለአብነት ተማሪ ጆሮ እንግዳ አይሆንም። በአብነት ቤትም ዓይነ ስውር ደቀ መዝሙር በጓደኛው እየተመራ፣ በቃል እየተቀበለ ለዜማና ለቅኔ መምህርነት መብቃቱ የታወቀ ነው። መሪው ያነብለታል፣ መንገድ ያሳየዋል፤ በእርሱ ፈንታ ግን አይማርለትም። የረዳት ድንበሩ ይህ ነው።

ወደዚህ አገልግሎት መግባት የሚሻ ሰው መንገዱ እንደ ክፍሉ ይለያያል። ለአጸደ ሕፃናት የመምህራን ኮሌጆች የቅድመ መደበኛ ትምህርት ሥልጠና አለ፤ በአዲስ አበባ የዚህ ዘርፍ ነባር ስም ኮተቤ ነው። የምልክት ቋንቋን በሙያ ደረጃ ለመማር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የከፈተው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ትምህርት አለ። በጥቂት ቀናት ሰላምታና ፊደል የተማረ ሰው አስተርጓሚ ነኝ ቢል ግን ልጁን ከሁለቱም ያሳጣዋል፤ ከትምህርቱም ከመምህሩም። የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮቻችን ሕፃናትን ማስተማር ስለለመዱ ጥሩ መነሻ አላቸው፤ ቢሆንም የሕፃናትን ዕድገት፣ የመጀመሪያ ርዳታንና ሕፃናትን ከጥቃት የመጠበቅ ሥርዓትን በወጉ መማር ይገባቸዋል።

ልጁን የሚያስመዘግብ ወላጅም ከክፍያው ጋር ሦስት ነገር ቢጠይቅ መብቱ ነው፦ ረዳቷ ምን ሠልጥናለች? ከመምህርቷ ጋር በሳምንት ስንት ጊዜ ይመካከራሉ? ልጄ ሲቸገር መጀመሪያ የሚቀርበው ማን ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ «ረዳቷ ብቻ» የሚል መልስ ከተሰጠው መምህርቷን ራሷን ያነጋግር።